የሐኪም ግዴታና የሕክምና ፍትሕ፦ ዳሰሳ ከቤር ሼቫ

ሐኪም ለታካሚው ያለበት ግዴታ ከመሐላ፣ ከሕግና ከማኅበረሰብ ልማድ ይቀዳል። በዕድሜ የሚቀድመው መሐላው ነው። በግሪኩ ሂፖክራተስ ስም የሚጠራው መሐላ ሐኪሙ በታካሚው ላይ ጉዳት እንዳያደርስ፣ በሥራው ላይ ያየውንና የሰማውን ምስጢርም እንዳያወጣ ያስገድዳል። በአይሁድ ሐኪሞች ዘንድም በአሳፍ ሐኪሙ ስም የተላለፈ ጥንታዊ የዕብራይስጥ መሐላ አለ። ሁለቱም ሐኪሙን ስለ ጨዋነቱ ያስምሉታል እንጂ የታካሚውን ፈቃድ ጠይቅ አይሉትም። ይህ ጥያቄ የመጣው ዘግይቶ፣ ብዙ ግፍ ከተፈጸመ በኋላ ነው። የናዚ ሐኪሞች በእስረኞች ላይ ባካሄዱት ሙከራ ተከስሰው በ1947 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኑረምበርግ ላይ ሲፈረድባቸው፣ ችሎቱ በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር የመጀመሪያው ሁኔታ የሰውየው የራሱ ፈቃድ መሆኑን ደነገገ። በቀጣዩ ዓመት የዓለም ሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫውን ቃል ኪዳን አወጣ፤ ሐኪሙም ሃይማኖት፣ ዘር ወይም የኑሮ ደረጃ በእሱና በታካሚው መካከል እንዳይገባ ቃል ገባ። ያም ሆኖ የታካሚው በራሱ ጉዳይ የመወሰን መብት በዚህ ቃል ኪዳን ውስጥ በግልጽ የሰፈረው በ2017 በተደረገው ማሻሻያ ነው። መሐላው ራሱ እዚህ ለመድረስ ይህን ያህል ዘመን ፈጅቶበታል።

መሐላ ግን የሚይዘው ኅሊናን ብቻ ነው። ታካሚው ይዞት ሊሟገት የሚችለው ሕጉን ነው። በእስራኤል ሁለት ሕጎች ለዚህ ዋና ናቸው። አንደኛው በ1994 ወጥቶ በጥር 1995 ሥራ ላይ የዋለው የብሔራዊ የጤና መድን ሕግ ነው። ሕጉ የጤና አገልግሎት በፍትሕ፣ በእኩልነትና በመረዳዳት ላይ የተመሠረተ እንዲሆን ከመግቢያው ይደነግጋል። ማንኛውም ነዋሪ ከአራቱ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ድርጅቶች)፣ ማለትም ከክላሊት፣ ከመካቢ፣ ከመኡሔዴትና ከሌኡሚት፣ በመረጠው ሊመዘገብ ይችላል፤ ድርጅቱም ዕድሜውን ወይም ሕመሙን አይቶ አልቀበልህም ሊለው አይችልም። ክፍያው እንደ ገቢው መጠን በቢቱዋህ ሌኡሚ (የብሔራዊ መድን ተቋም) በኩል ይሰበሰባል፤ የሚያገኘው አገልግሎት ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት የሆነው “ሳል ሃብሪኡት” (የጤና አገልግሎት ጥቅል) ነው። ከዚህ ሕግ በፊት መድን ያልነበረው ሰው ብዙ ነበር፤ ድሃውና ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ማንም የማይፈልገው አባል ነበር። በዚህ ረገድ ሕጉ ትልቅ ለውጥ አምጥቷል።

ሁለተኛው በግንቦት 1996 የጸደቀው የታካሚ መብት ሕግ ነው። የመጀመሪያው ሕግ ታካሚውን እስከ ሐኪሙ በር ያደርሰዋል፤ ሁለተኛው በሩ ከተዘጋ በኋላ በውስጥ የሚሆነውን ይገዛል። ሕይወቱ በአስቸኳይ አደጋ ላይ ያለ ሰው ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ይታከማል። ሐኪምም ሆነ ተቋም በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ፣ በብሔር ወይም በትውልድ አገር ምክንያት በታካሚዎች መካከል ልዩነት ማድረግ አይችልም። ታካሚው የሚያክመውን ሰው ስምና ሙያ የማወቅ፣ ሌላ ሐኪም የማማከር፣ ክብሩና ገመናው የመጠበቅ፣ የሕክምና መዝገቡን ግልባጭ የመውሰድ መብት አለው። በፈቃዱ ካልሆነ በቀር ሊታከም አይችልም፤ ለዚህ የተለዩ ሁኔታዎች ጥቂትና በጥብቅ የተገደቡ ናቸው።

ሁለቱ ሕጎች በወረቀት ላይ ሲነበቡ ብዙ የሚወጣላቸው እንከን የለም። ፍትሕ የሚፈተነው ግን ሰፈር ውስጥ ነው። ቤር ሼቫ ከሰፈሮቿ ብዙዎቹን በዕብራይስጥ ፊደላት የምትጠራ የደቡብ እስራኤል ከተማ ስትሆን ሽኩና ቫቭ ከእነዚህ አንዷ ናት። በከተማዋ ከሚኖሩት ከኢትዮጵያ የመጡ የቤተ እስራኤል ቤተሰቦች መካከል በ1984 እና በ1985 በሱዳን በኩል በሙሴ ዘመቻ የገቡ፣ በግንቦት 1991 በሰሎሞን ዘመቻ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከመጡት ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል የነበሩ፣ ከዚያም በኋላ በየጊዜው የተጨመሩ አሉ። የልጅ ልጆቹ የዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ናቸው። ብዙ አያቶች ግን አሁንም የሚያስቡት፣ የሚያለቅሱትም ሕመማቸውን የሚናገሩትም በአማርኛ ወይም በትግርኛ ነው። ሐኪሙ ደግሞ በአብዛኛው ሁለቱንም አያውቅም።

ፈቃድና ቋንቋ

የታካሚ መብት ሕጉ 13ኛ አንቀጽ ስለ ፈቃድ ሲናገር ፊርማ አምጡ ብሎ አያቆምም። ሐኪሙ የበሽታውን ምንነት፣ የሕክምናውን ዓላማ፣ የሚያስከትለውን አደጋና የጎንዮሽ ጉዳት፣ ሌሎች አማራጮችን፣ አለመታከምም የሚያመጣውን ውጤት ማስረዳት አለበት። ይህም በተቻለ መጠን በጊዜ፣ ታካሚው በሚገባ ሊረዳው በሚችልበት መንገድ መሆን እንዳለበት ሕጉ ያዝዛል። እዚህ ላይ ሕጉ ብዙዎች ከሚያስቡት ይልቅ ጥብቅ ነው። የማስረዳት ሸክሙ የሐኪሙ ነው እንጂ የመረዳት ሸክሙ የታካሚው አይደለም። ታካሚው ዕብራይስጥ አለመቻሉ የሐኪሙን ግዴታ ያከብደዋል እንጂ አያስቀርለትም።

በተግባር የሚታየው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በጎንደር ገጠር ያደገ ሽማግሌ በሐኪም ፊት ሲቀርብ ቃል መመለስን እንደ ድፍረት ይቆጥረዋል። ሐኪሙ ሲናገር ራሱን ይነቀንቃል፤ “ገባህ?” ሲባል “አዎ” ይላል። ይህ ለተማረ ሰው የሚሰጥ አክብሮት ነው፤ በሕግ ዓይን ግን ፈቃድ ሊባል አይችልም። ጠንቃቃ ሐኪም ታካሚው የሰማውን በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲነግረው ይጠይቃል። መድኃኒቱን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወስድ፣ ከምግብ በፊት ይሁን በኋላ፣ ምን ሲሰማው ተመልሶ መምጣት እንዳለበት ታካሚው ራሱ ካልተናገረ ምክክሩ አላለቀም። ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ብዙ አላስፈላጊ የሆስፒታል ምልልስ ያስቀራል።

ከሁሉ የከፋው ልጅን አስተርጓሚ ማድረግ ነው። ለዓመታት በየኩፓው የተለመደው ይኸው ነበር፤ እናት ለምርመራ ስትሄድ የ12 ዓመት ልጇን ከትምህርት ቤት አስቀርታ ትወስደዋለች። እናት ስለ ማሕፀኗ፣ ስለ ወር አበባዋ ወይም ስለ ጡቷ በወንድ ልጇ አፍ ልትናገር አትችልም፤ ስለዚህ “ራሴን ያመኛል” ብላ ትመለሳለች። ልጅዋም የሕክምና ዕብራይስጡን አያውቀውም፤ የማያውቀውን ይዘለዋል፤ የሚያስደነግጠውን ደግሞ ያለዝበዋል። አባቷ ካንሰር እንዳለበት ከሐኪሙ ሰምታ ለአባቷ እንድትነግር የተገደደች ልጅ የተጣለባት ሸክም ከማንም ሕግና መሐላ ጋር የሚስማማ አይደለም።

ክፉ ዜና ማሰማት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በኢትዮጵያውያን ዘንድ መርዶ በማንም አፍ፣ በማንኛውም ሰዓት አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ሰውየው ብቻውን እንዳይሆን ተደርጎ፣ ቀስ ተብሎ ይነገራል። ከባድ በሽታ ሲገኝም ቤተሰቡ አስቀድሞ ሰምቶ መቼና እንዴት እንደሚነገር መምከር ይፈልጋል። የእስራኤል ሕግ ደግሞ የሕመሙ ባለቤት ታካሚው ራሱ ነው፤ መረጃው የእሱ ነው ይላል። ሐኪሙ ከታካሚው ላይ መረጃ መሸሸግ የሚችለው መረጃው በአካሉ ወይም በአእምሮው ላይ ከባድ ጉዳት እንደሚያደርስ የሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ካረጋገጠ ብቻ ነው። ሁለቱ የሚጋጩ ቢመስሉም መታረቅ ይችላሉ። አስተዋይ ሐኪም ምርመራው ገና ሲጀመር “ውጤቱ ሲመጣ ለማን ልንገር? ማን አብሮህ እንዲቀመጥ ትፈልጋለህ?” ብሎ ይጠይቃል። ታካሚው ለታላቅ ወንድሜ ንገሩልኝ ካለ፣ ያ ራሱ በመብቱ የሰጠው ውሳኔ ነው። ሐኪሙ ይህን ሳይጠይቅ በኮሪደር ላይ ዜናውን ቢያፈርጠው ሕጉን አክብሮ ሰውየውን ይጎዳል፤ ለቤተሰቡ ብቻ ነግሮ ታካሚውን ቢተወው ደግሞ ልማዱን አክብሮ ሕጉን ይጥሳል።

ክፍተቱን ለመሙላት የተሠራ ሥራ አለ። በ1998 “ረፉዋ ሽሌማ” የተባለው ፕሮግራም በኩፓት ሆሊም ክሊኒኮች ውስጥ ከማኅበረሰቡ የወጡ፣ ሁለቱንም ቋንቋና ሁለቱንም ባህል የሚያውቁ ሠራተኞችን አሠማራ። “መጋሽሪት” የምትባለዋ ሠራተኛ ሥራዋ ቃል መተርጎም ብቻ አልነበረም፤ ታካሚው ለምን መድኃኒቱን እንዳቆመ ለሐኪሙ ታስረዳለች፣ ሐኪሙ ለምን ደም ደጋግሞ እንደሚቀዳ ለታካሚው ታስረዳለች። በዚያው ዓመት ዶክተር አናት ያፌ በሐዴራ ሂሌል ያፌ ሆስፒታል የጀመሩት “ቴኔ ብሪኡት” በስኳር በሽታና በጤና ትምህርት ላይ ሠርቷል፤ በስልክ የአማርኛ ማስተርጎም አገልግሎትም አካሂዷል። በ2011 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ያወጡት መመሪያ ደግሞ ጉዳዩን ከበጎ ፈቃድ ወደ ግዴታ አሸጋገረው። በመመሪያው መሠረት ሆስፒታሎችና ኩፓት ሆሊም ለታካሚው በሚረዳው ቋንቋ ማስተርጎምን ማመቻቸት፣ አስፈላጊ ቅጾችን መተርጎምና ሠራተኞቻቸውን ስለ ባህል ልዩነት ማሠልጠን አለባቸው። ሚኒስቴሩም በስልክ የሚሰጥ የትርጉም ማዕከል አቋቁሟል፤ ከቋንቋዎቹ አንዱ አማርኛ ነው።

የስልክ ትርጉም ለቀላል ጉዳይ፣ ለመድኃኒት ማዘዣና ለቀጠሮ ጥሩ ነው። ለከባድ ዜና፣ ለአእምሮ ሕመምና ለወሊድ ክፍል ግን አይበቃም፤ በአልጋው ጎን ፊቱ የሚታይ ሰው ያስፈልጋል። ትልቁ ችግር ግን ሌላ ነው። አገልግሎቱ እያለ ሐኪሙ አያስታውሰውም፣ ታካሚውም መጠየቅ እንደሚችል አያውቅም፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሁለቱም በምልክት ይግባባሉ። መመሪያ ወጥቶ ሳይሠራበት ሲቀር ጉዳቱ በታካሚው አካል ላይ ይታያል።

የ1996ቱ የደም ጉዳይ

የታካሚ መብት ሕጉ ከመጽደቁ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ በጥር 1996፣ ማዓሪቭ ጋዜጣ ከባድ ዜና ይዞ ወጣ። የአገሪቱን የደም ባንክ የሚያስተዳድረው ማገን ዳቪድ አዶም ከኢትዮጵያውያን የሚወስደውን ደም ለዓመታት በድብቅ ሲጥል እንደነበር ተገለጠ። ምክንያቱ የኤች አይ ቪ ስጋት ነበር። ዜናው በወጣ በቀናት ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ የማኅበረሰቡ አባላት በኢየሩሳሌም ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ፊት ወጡ፤ ሰልፉም ከፖሊስ ጋር ግጭት አስከተለ። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ይስሐቅ ናቮን የመሩት አጣሪ ኮሚቴ ተቋቁሞ ጉዳዩን መረመረ።

ጉዳዩ በሕክምና ሥነ ምግባር ሲመዘን ሁለት ነገሮች መለየት አለባቸው። ሐኪም ደም ለሚቀበለው ሕመምተኛ ግዴታ አለበት፤ የተበከለ ደም እንዳይሰጠው መጠንቀቅ ተገቢ ብቻ ሳይሆን የግድ ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው ራሱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንደኛው፣ የሰውየው ኑሮ ሳይመረመር ወገኑ ብቻ ታይቶ ተፈረደበት። ሁለተኛውና የከፋው ውሸቱ ነው፤ ወታደሩ ለጓዱ ደሙን ሰጥቻለሁ ብሎ ሲመለስ፣ ደሙ በስተጀርባው ይደፋ ነበር። “እናንተን ላለማሳፈር ነው” የሚለው ማመካኛ ታካሚን እንደ ሕፃን የሚቆጥር ነው። ደሙን ስለመስጠቱ የተዋሸ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ሐኪሙ ክትባት ሲያዝለት በጥርጣሬ ቢያየው ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ከዚያ በኋላም የደም ለጋሾች መጠይቅ ኤች አይ ቪ ተስፋፍቶባቸዋል በተባሉ አገሮች የተወለዱና የኖሩ ሰዎችን ማስቀረቱን ቀጠለ። በታኅሣሥ 2013 የክኔሴት አባል ፕኒና ታማኖ ሻታ በምክር ቤቱ ግቢ ደም ልትሰጥ ቀርባ በኢትዮጵያዊ ትውልዷ ምክንያት ተመለሰች። ወደ እስራኤል የገባችው በ3 ዓመቷ ነበር። ነገሩ እንደገና አገር አነጋገረ፤ በ2016 የጤና ሚኒስቴር ኮሚቴ ደንቡ እንዲለወጥ ሐሳብ አቀረበ፣ በ2017 መጀመሪያም ሚኒስቴሩ ተቀበለው። ከመጀመሪያው ዜና እስከዚያ 21 ዓመት አልፏል። ሳይንሱ፣ በተለይ የደም መመርመሪያው ብቃት፣ ከዚያ በጣም ቀድሞ ተለውጦ ነበር።

የዴፖ ፕሮቬራ ጉዳይ

በታኅሣሥ 2012 በእስራኤል የትምህርት ቴሌቪዥን በቀረበ ፕሮግራም ላይ ኢትዮጵያውያት ሴቶች በኢትዮጵያ በነበሩ የመሸጋገሪያ ካምፖች፣ ከዚያም በእስራኤል፣ ዴፖ ፕሮቬራ የተባለውን የወሊድ መከላከያ መርፌ በቂ ማብራሪያ ሳይሰጣቸው፣ አንዳንዶቹም በግፊት እንደተወጉ ተናገሩ። መርፌው የሚሠራው ለሦስት ወር ያህል ነው። የመንግሥት አካላትና የካምፑን ሕክምና ያካሄደው ጆይንት የተባለው የአይሁድ የእርዳታ ድርጅት ግፊት አልነበረም አሉ። በጥር 2013 የጤና ሚኒስቴር ዋና ዳይሬክተር ፕሮፌሰር ሮኒ ጋምዙ ለኩፓት ሆሊም በጻፉት ደብዳቤ፣ በክሱ ላይ አቋም ሳይወስዱ፣ የመድኃኒቱን ውጤት ያልተረዳች ሴት ካለች፣ ከኢትዮጵያ የመጣችም ሆነች ሌላ፣ መርፌው እንዳይታደስላት አዘዙ፤ ሐኪሞችም እንደ አስፈላጊነቱ በአስተርጓሚ እንዲጠይቁ አሳሰቡ። በ2016 የወጣው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ሪፖርት ሴቶቹ ያለ ፈቃዳቸው እንደተወጉ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም አለ።

ብዙዎች ጉዳዩን በዚህ ዘጉት። ሌሎች ደግሞ ሪፖርቱን አልተቀበሉትም። ነገር ግን ግፊት ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለው ብቻውን ሙሉ ጥያቄ አይደለም። መርፌው በኢትዮጵያ ከሁሉም የወሊድ መከላከያዎች በላይ የተለመደ ነው፤ ብዙ ሴት በራሷ ምርጫ ትወስደዋለች፣ ባሏ ሳያውቅ መጠቀም ስለሚያስችላትም ትወደዋለች። ይህ እውነት ነው። ሐኪሙ ግን ልማዷ ነው ብሎ ማለፍ አይበቃውም። ክኒን፣ ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ መከላከያና ሌላም አማራጭ እንዳለ፣ መርፌው የአጥንትን ጥንካሬ ሊቀንስ እንደሚችል፣ ካቆመች በኋላ መፀነስ ወራት ሊዘገይ እንደሚችል ነግሯታል ወይ? በሚገባት ቋንቋ? ይህ ካልሆነ፣ ማንም እጇን ባይጠመዝዛትም የሕጉ 13ኛ አንቀጽ የሚጠይቀው ፈቃድ አልተገኘም። የጋምዙ ደብዳቤ ዋጋው እዚህ ላይ ነው፤ ፈቃድን ከመረዳት ጋር አስሯል። በአንጻሩ ደብዳቤው እስኪጻፍ ድረስ ይህን የሚያስታውስ መመሪያ ማስፈለጉ የሙያው ጉድለት ነው።

ስኳር በሽታ፦ እኩል ሕክምናና ተመሳሳይ ሕክምና

ፍትሕ ሲባል ለሁሉም አንድ ዓይነት ማድረግ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ስኳር በሽታ ይህን ሐሳብ ያፈርሰዋል። ከኢትዮጵያ የመጡት ሲገቡ ስኳር በሽታ በመካከላቸው እጅግ ጥቂት ነበር። በእስራኤል ዓመታት ሲቆጠሩ ግን በሽታው በፍጥነት ተስፋፋ፤ ወፍራም ባልሆኑ ሰዎች ላይም ታየ። በገጠር ጤፍና ገብስ፣ ሽሮና ጎመን ይበላ፣ ቀኑን ሙሉም በእግር ይኬድ ነበር። እዚህ ነጭ ዱቄት፣ ጣፋጭ መጠጥ፣ አውቶቡስና ያለ ሥራ መቀመጥ ተተኩ። ቀን ሦስት ጊዜ በሚፈላው ቡና ላይ የሚጨመረው ስኳርም ቀላል አይደለም።

ለእንዲህ ያለ ታካሚ ለሁሉም የሚታደለውን የዕብራይስጥ የአመጋገብ ወረቀት መስጠት እኩል አያያዝ ይመስላል፤ ውጤቱ ግን እኩል አይደለም። ወረቀቱ ስለ ኮቴጅ አይብና ስለ ስስ ቁራሽ ዳቦ ይናገራል፤ ስለ እንጀራ መጠን፣ ጤፉ በስንዴ ዱቄት ስለመበረዙና ስለ ወጡ ዘይት ምንም አይልም። ጾምም አለ። ከዮም ኪፑር 50 ቀን በኋላ የሚውለውን ሲግድን፣ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የአገሪቱ በዓል የሆነውን፣ ሽማግሌዎች ጾመው ይውሉታል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው በዚያ ቀን መጠኑን ካላስተካከለ ራሱን ሊስት ይችላል። ሐኪሙ ስለ ዮም ኪፑር ያለ ማንም አስታዋሽ ይጠይቃል፤ ስለ ሲግድ ግን ካልተማረ አይጠይቅም። እንዲሁም ታካሚው በቤቱ ጤና አዳም፣ ፌጦ ወይም ሌላ ባህላዊ መድኃኒት እንደሚጠቀም ሳይነቅፍና ሳያላግጥ መጠየቅ አለበት። የተነቀፈ ታካሚ መድኃኒቱን አይተውም፤ ለሐኪሙ መንገሩን ነው የሚተወው።

በዚህ ላይ ምስጢር መጠበቅ ይጨመራል። “በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም” የሚለው ተረት ሸክሙን በታካሚው ላይ ይጥላል። ግማሹ ግን የሐኪሙና የአስተርጓሚው ነው። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ አስተርጓሚዋ የጎረቤት ልጅ ወይም የዘመድ ሚስት ልትሆን ትችላለች። የሳንባ ነቀርሳ፣ የኤች አይ ቪ ወይም የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ነገሩ ለቅሶ ቤት ይደርሳል ብሎ ከፈራ ይሸሽጋል። ስለዚህ የሙያ ምስጢር ግዴታ አስተርጓሚዋንም ማሰር አለበት፤ ታካሚውም ይህን አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

ሐኪምና ርቀት

የፍትሕ ጥያቄ በቋንቋ አያበቃም። ቤር ሼቫ ያለችበት ኔጌቭ ሰፊ ነው። በ1959 የተከፈተውና የክላሊት ንብረት የሆነው የሶሮካ ሆስፒታል ከኤላት በስተሰሜን ላለው ኔጌቭ ዋናው ሆስፒታል ነው። አይሁድና አረብ፣ የከተማ ነዋሪና መንገድና መብራት በሌላቸው እውቅና ያላገኙ መንደሮች የሚኖሩ ቤዱዊኖች እዚያ ይገናኛሉ። በቤር ሼቫ ሁለተኛ ሆስፒታል እንዲሠራ መንግሥት ከወሰነ ዓመታት ቢያልፉም ሸክሙ ዛሬም በሶሮካ ላይ ነው። በደቡቡ ለነዋሪው ቁጥር የሚደርሰው ሐኪም ከቴል አቪቭ አካባቢ በግልጽ ያነሰ ነው፤ የልዩ ሐኪም ወረፋም ይረዝማል። በ2011 ከሐኪሞች ረጅም የሥራ ማቆም አድማ በኋላ የተደረሰው ስምምነት ወደ ዳር አገር ለሚሄዱ ሐኪሞች የገንዘብ ማበረታቻ ሰጥቷል፤ ክፍተቱን ግን አልዘጋውም።

ገንዘብ ያለው ወረፋውን የሚያመልጥበት መንገድ አለው፤ ተጨማሪ መድን፣ የግል ሐኪም፣ ወደ መሀል አገር የሚወስድ መኪና። የሌለው ይጠብቃል። አንድ ሳል ሃብሪኡት ለሁሉም ተብሎ የተጻፈው ሕግ በዚህ በኩል ይሸረሸራል። ቶፌስ 17ን፣ ኩፓው ክፍያውን እንደሚሸፍን የሚያረጋግጠውን ቅጽ፣ ለማግኘት ከጽሕፈት ቤት ጽሕፈት ቤት መሄድ፣ ማመልከቻ መጻፍ፣ እምቢ ሲባል ይግባኝ ማለት ቋንቋና ጊዜ ለሌለው ሰው ከበሽታው በላይ ያደክማል። ይህን ሐኪሙ ብቻውን ሊፈታው አይችልም። ሪፈራሉን በጊዜ መጻፍ፣ አስቸኳይ ከሆነ “አስቸኳይ” ብሎ መጻፍና ታካሚውን ወደ ክሊኒኩ ማኅበራዊ ሠራተኛ መምራት ግን በእጁ ነው፤ ግዴታውም ነው።

በጭንቅ ቀን ፍትሕ ሌላ መልክ ይይዛል። በጥቅምት 7 ቀን 2023 በመቶዎች የሚቆጠሩ ቁስለኞች በሰዓታት ውስጥ ወደ ሶሮካ ጎረፉ። በሰኔ 19 ቀን 2025 ደግሞ የኢራን ሚሳይል ሆስፒታሉን መታው፤ የተመታው የቀዶ ሕክምና ሕንፃ ታካሚዎች አስቀድመው እንዲወጡ ተደርጎ ስለነበር ከባድ እልቂት ቀረ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድሞ የሚታከመው ቀድሞ የመጣው አይደለም፤ አደጋው የበረታውና ሊድን የሚችለው ነው። የሕክምና ፍትሕ ትርጉም ከየትም በላይ የሚታየው በዚህ ነው፦ መለኪያው አስፈላጊነት ነው እንጂ ማንነት አይደለም።

ሐኪሙም ሰው ነው። በእስራኤል ሆስፒታሎች ተለማማጅ ሐኪሞች 26 ሰዓት በተከታታይ መሥራታቸው ለዓመታት ያከራከረው ጉዳይ ነው። በሃያኛው ሰዓት ላይ ያለ ሐኪም አስተርጓሚ ደውሎ ይጠብቅ ማለት ከባድ ነው። ስለዚህ ግዴታውን በሐኪሙ ትከሻ ላይ ብቻ ጭኖ ጊዜና ሠራተኛ የማይመድብ ተቋም ጥፋቱን ይጋራል። ከማኅበረሰቡ የወጡ ሐኪሞችና ነርሶች ቁጥር ማደጉም ትልቅ ለውጥ ነው። ወታደራዊው ሐኪም ዶክተር አብርሃም ይስሐቅ በ2016 ከኢትዮጵያ ከመጡት የመጀመሪያው ኮሎኔል ሆኗል። ያም ሆኖ አማርኛ ተናጋሪ ሐኪም መኖሩ ሌሎቹን ሐኪሞች ከግዴታቸው ነጻ አያወጣም፤ አንዲት ነርስ በአማርኛ ስለቻለች ብቻ የክፍሉ ሁሉ አስተርጓሚ መሆኗም ለእሷ ፍትሕ አይደለም።

በኢትዮጵያም ያው ጥያቄ በሌላ መልኩ ይነሣል። ጎንደር ከ1954 ጀምሮ የጤና መኮንኖችንና ነርሶችን ያሠለጠነችው የገጠሩ ሰው ሐኪም ዘንድ መድረስ ስላልቻለ ነበር። ያኔ ፍትሕ ማለት መድረስ ነበር። በኋላ የጤና ሚኒስቴር በ2015 በጀመረው የአምስት ዓመት ዕቅዱ ባለሙያው ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ እንዲሆን አንድ ዋና ግብ አደረገ። የሐኪሙ ቋንቋ ያው አማርኛ ሆኖ እንኳን ታካሚው ሳይነገረው የሚታከምበት ጊዜ ብዙ በመሆኑ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የስደተኛና የባለአገር ብቻ አይደለም፤ በሚያውቅና በማያውቅ መካከል ያለው ርቀት በገዛ አገርም አለ።

አቤቱታ

መብቱ የተጣሰበት ታካሚ በእስራኤል በርካታ በሮች አሉት። በየሆስፒታሉና በየኩፓው የታካሚ መብትን የሚከታተል ኃላፊ እንዲኖር ሕጉ ያዝዛል፤ የመጀመሪያው አቤቱታ ወደዚያ ይሄዳል። ኩፓው አገልግሎት ከከለከለ ወይም ካዘገየ በጤና ሚኒስቴር ውስጥ በጤና መድን ሕጉ የተቋቋመ አቤቱታ ሰሚ አለ። የሐኪም ጥፋት ሲሆን ሚኒስቴሩ አጣሪ ኮሚቴ ሊያቋቁም ይችላል። አድልዎና ዘረኝነት ሲገጥም ደግሞ ማኅበረሰቡ በ2015 ካካሄዳቸው የተቃውሞ ሰልፎች በኋላ የፓልሞር ኮሚቴ በ2016 ባቀረበው ሐሳብ መሠረት በፍትሕ ሚኒስቴር የተቋቋመው ዘረኝነትን የሚከላከል ክፍል አቤቱታ ይቀበላል።

በማንኛውም በር ለመግባት ግን መዝገቡ ያስፈልጋል። በመዝገቡ ላይ ትርጉም መሰጠቱ፣ በማን እንደተሰጠና ታካሚው ምን እንደተነገረው ተጽፎ ካልተገኘ ለታካሚው ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሐኪሙ ደግሞ በአግባቡ ከጻፈ ራሱን ይጠብቅበታል። ስለዚህ ታካሚው ከሆስፒታል ሲወጣ ሙሉ መዝገቡን መጠየቅ ይገባዋል፣ የማጠቃለያውን ወረቀት ብቻ ይዞ አይሂድ። በቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ በ7 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ጉዳቱ የደረሰበት ሕፃን ከሆነ ግን ሰባቱ ዓመት መቆጠር የሚጀምሩት 18 ዓመት ሲሞላው ነው።